ፊልትሮ ጠባሿ ሁስና

ሁስና ከግድግዳው ላይ የወደቀችው ገና በአፍላ ዕድሜዋ፣ ሕዝቡ ስሟን እየጠራ በሚያጨበጭብላት ሰዓት ነበር።

ግድግዳው የቤት ግድግዳ አይደለም። በሕንድ አገር፣ በሚሩት ከተማ አካባቢ ዓመታዊው ባዛር ሲደርስ ከሳንቃ ተገጣጥሞ የሚቆም፣ ጣሪያ የሌለው፣ እንደ ግዙፍ በርሜል ክብ የሆነ ነገር ነው። ሕዝቡ በውጭ በኩል መሰላል ወጥቶ ከአፉ ዙሪያ ይቆምና ቁልቁል ያያል። ሞተረኞቹ ከውስጥ፣ ቀጥ ባለው ሳንቃ ላይ እንደ ዝንብ ተለጥፈው ይከንፋሉ። የሞት ጉድጓድ ይሉታል። ፍጥነት ከጎደለ መውደቅ ነው፤ ጎማ ከተንሸራተተም መውደቅ ነው። ሌላ ሕግ የለውም።

ያን ቀን ሁስና መሪውን ለቃ፣ እጆቿን እንደ ክንፍ ዘርግታ፣ ሰው ከላይ የሚያንጠለጥልላትን የሩፒ ኖት በጣቶቿ እየነጠቀች ትዞር ነበር። ከፊቷ የቡድኑ አለቃ ይነዳል። ድንገት ሳንቃው ላይ ጥቁር፣ የሚያብለጨልጭ መስመር አየች። ለማሰብ ጊዜ አልነበራትም። የፊት ጎማዋ መስመሩን ነካ፣ ሞተሩ ከሥሯ ሸሸ፣ ሰማይና ምድር ቦታ ተለዋወጡ።

ዳሌዋ ተሰበረ። ያን ክረምት ሙሉ በእናቷ ቤት በጀርባዋ ተኝታ የዝናቡን ድምፅ ስትሰማ ከረመች። ጎረቤቱ «እንኳን ነፍሷ ተረፈች» እያለ ይገባና፣ ሲወጣ በሩ ላይ ቆሞ «ለመሆኑ ሴት ልጅ ሞተር ላይ ምን ቆርጧት ወጣች?» ይላል። ሁስና ሁለቱንም ትሰማለች። ሐኪሙ ትቆማለች እንጂ አትሮጥም ብሎ ነበር። እሷ ግን ስለ መሮጥ አይደለም የምታስበው። ያ ዘይት ከየት መጣ? ሌት ተቀን የሚያብሰለስላት ይህ ብቻ ነበር።

ምክንያቱም የጉድጓዱ ሰዎች የጸና ልማድ አላቸው። ትርኢቱ ሊጀመር ሲል እያንዳንዱ ሞተረኛ መዳፉን ከሞተሩ ሆድ በታች ሰዶ ይጠርግና ከፍ አድርጎ ለጓደኞቹ ያሳያል። መዳፉ የረጠበ ሰው አይወጣም። የአንዱ ዘይት ለሌላው መንገዱ ስለሆነ በዚህ ነገር ቀልድ የለም። የዚያን ቀንም አለቃው መዳፉን አሳይቷል። ደረቅ ነበር። ሁስና በዓይኗ አይታዋለች።

በምርኩዝ መራመድ እንደቻለች ዕቃ ወደሚቀመጥበት መጋዘን ሄደች። የአለቃው ሞተር አቧራ ለብሶ ቆሟል። ሰው ለምና ቡሎኖቹን አስፈታች፤ የዘይት ማጣሪያው፣ የፊልትሮው ክዳን ተነሳ። ከውስጥ በዚያው ሰሞን ከገበያ የተገዛ አዲስ የዘይት ፊልትሮ ወጣ። ወረቀቱ ደህና ነው። ከክዳኑ ሥር ዘይት እንዳይወጣ የሚያፍነው የጎማ ቀለበት ግን ውሃ ውስጥ እንዳደረ ዳቦ አብጧል። በጥፍሯ ጫን ብትለው ተቆረሰ።

ሁስና እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አለችና ሳቀች። ቡሎኑን የፈታላት ሰውዬ አእምሮዋን የነካት መስሎት ደነገጠ።

«መዳፍ የምናሳየው ሞተሩ ሳይሞቅ ነው!» አለችው። «ይኼ ጎማ ቀዝቃዛ ሲሆን ጨዋ ነው። ጉዱ የሚወጣው ሲሞቅ ነው። ስንት ዘመን ሙሉ መዳፋችንን እያየን ራሳችንን ስናታልል ኖረናል!»

ከዚያ በኋላ ግድግዳው ላይ አልወጣችም። ነገር ግን ከባዛሩም አልቀረችም። ቁልፍና ካቻቢቴ መያዝ ተማረች፤ የጉድጓዱ ሜካኒክ ሆነች። ከሁሉ በላይ ደግሞ በዚያ አገር ማንም ያላሰበውን ሥራ ፈለሰፈች። አዲስ ፊልትሮ ሲመጣላት ከነጎማ ቀለበቱ የፈላ የሞተር ዘይት ውስጥ ትጠብሰዋለች!

ከሰል ታቀጣጥላለች፣ የብረት መጥበሻ ትጥዳለች፣ ንጹሕ የሞተር ዘይት ታፈሳለች። ዘይቱ ጉድጓድ ውስጥ የሚነዳ ሞተር ያህል ሲግል ፊልትሮውን ትከታለች። ሻይዋን ቀስ ብላ ጠጥታ እስክትጨርስ አታወጣውም። መጥፎው ያኔ ይናዘዛል። ማጣበቂያው ይለቃል፣ ወረቀቱ ይጨማደዳል፣ ቀለበቱ ይሰባል ወይም ይደርቃል። ደህናው እንደገባ ይወጣል። ያወጣችውን አብርዳ በጥፍሯ ትቆነጥጠዋለች፣ ትለጥጠዋለች፣ ከዚያ «ደህና ነው» ወይም «ጣለው» ትላለች። ሦስተኛ መልስ የላትም።

ከድንኳኗ አጠገብ ቺማን የሚባል ሰው ፓኮራ ይሸጣል፤ ሽንኩርቱን በሽምብራ ሊጥ እየነከረ ሲጠብስ የሚውል፣ አፉ እንደ እጁ የማያርፍ ሰው ነው። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲጠብሱ ላየ ሳቅ አያጣም።

«አፓ!» ይላታል፤ ታላቅ እህት ማለቱ ነው፣ ምንም እንኳ በዕድሜ እሱ ቢበልጣትም። «ደንበኞቼ ያንቺን ጭስ እያሸተቱ እየሸሹኝ ነው።»

«ከኔ ጭስ ሳይሆን ከዘይትህ ነው የሚሸሹት። የኔ ዘይት የዛሬ ነው፤ ያንተ ካለፈው ባዛር የተረፈው ነው።»

«አቤት ምላስ! እስኪ እንግዲያው አንዱን ፊልትሮ በቃሪያ ስጪኝ፤ የማንኛችን ጥብስ እንደሚጣፍጥ እንየው።»

«ለጥርስህ አዝኜ ነው እንጂ ያንተንስ ይበልጣል።»

«ፊልትሮ ጠባሿ» የሚለውን ስም ያወጣላት እሱ ነው። ስሙ በባዛሩ ሁሉ ተዳረሰ። ቀስ እያለ ከሌላ ባዛር የመጡ ሞተረኞች ሳይቀሩ በላስቲክ ፊልትሮ ቋጥረው በራፏ ላይ ይሰለፉ ጀመር። የገበያ ፊልትሮ ሁሉ መርዝ ነው የሚል ሲመጣ ግን ትቆጣለች።

«ማን ነው የነገረህ? ስም የሌለው ላስቲክ ውስጥ ሆኖ ከኦሪጂናሉ የሚበልጥ ስንት አይቻለሁ። የሚያብረቀርቅ ካርቶን ውስጥ የተኛ ፎርጅድም አይቻለሁ። ካርቶኑን አይደለም ሞተርህ ውስጥ የምትከተው። አምጣው፣ ይጠበስ!»

ዓመታት እንዲህ አለፉ። የታናሽ እህቷ ልጅ ነጅማ ከሁስና ድንኳን ሳትጠፋ አደገች። በመጫወቻ ዕድሜዋ መጫወቻዋ የተጠበሰ ቀለበት ነበር፤ ዓይኗን ጨፍና በጣቷ እየቆነጠጠች ደህናውን ከመጥፎው ትለያለች። ሲያድጉ ግን እንደዚያ ብቻ አይቀሩምና፣ አንድ ቀን ግድግዳው ላይ ካልወጣሁ ብላ ድርቅ አለች። እናቷ አለቀሰች፣ ተቆጣች፣ ሳምንት አኮረፈች። በመጨረሻ ወደ ሁስና መጥታ እንዲህ አለች፦

«ልቧ ከሄደ እኔ አላስረውም። ግን ስሚኝ እህቴ። ከሥሯ ያለውን ሞተር ካንቺ እጅ በቀር ሌላ እጅ አይንካው። ልጄን የምሰጠው ለግድግዳው አይደለም፣ ላንቺ ነው።»

ሁስና ራሷን በእሺታ ነቀነቀች።

ነጅማ ተአምር ሆና ወጣች! ከላይኛው ጠርዝ በታች፣ ማንም በማይደፍረው ከፍታ ላይ ትዞራለች። ሕዝቡ ስሟን ሲጠራ ሁስና ድንኳኗ ውስጥ ሆና የገዛ ስሟን የሰማች ያህል ትንቀጠቀጣለች፤ በደስታም፣ በፍርሃትም።

እንግዲህ ወደዚያ እሑድ እንምጣ። የባዛሩ የመጨረሻ ቀን ነው። ሰው እንደ ጉንዳን ፈልቷል። የጉድጓዱ ባለቤት፣ ቻውዳሪ በሚል የክብር መጠሪያ የሚታወቀው ቴጅፓል፣ አራት ሞተር በአንድ ጊዜ ግድግዳ ላይ እንደሚወጣ ከጠዋት ጀምሮ በድምፅ ማጉያ ሲያስለፍፍ ውሏል። ከታች ሁለት ወንድማማቾች፣ ከእነሱ በላይ ቢርጁ፣ ከሁሉም በላይ ነጅማ። ቢርጁ የቡድኑ ኮከብ ነው፤ ጢሙን ሳያሾል፣ ፀጉሩን ቅባት ሳይቀባ ሞተር የማይነካ፣ ልቡ ግን ንጹሕ የሆነ ጎረምሳ።

ወሩን ሙሉ በአቧራ የተነዱት ሞተሮች ዘይታቸው ጭቃ ሆኗል። ሁስና ያለ አዲስ ዘይትና ያለ አዲስ ፊልትሮ አንዳቸውም አይወጡም አለች። ኦሪጂናሉን የምታመጣበት ሱቅ እሑድ ዝግ ነው። ቢርጁ ከተማ በርሮ ሄደና የገበያ ፊልትሮ በከረጢት ይዞ ተመለሰ።

«አፓ፣ ይኸው! ሻጩ በልጁ ምሎልኛል።»

«ልጅ አለው ወይ ብለህ ጠየቅኸው?»

«እርስዎ ደግሞ! ይጥበሱታ እንግዲህ።»

ከረጢቱ ውስጥ እጇን ከታ ለናሙና አንዱን አወጣች። ዘይቱ ጋለ፣ ፊልትሮው ገባ። ቴጅፓል ሻርፑን እያወናጨፈ መጣ።

«ሁስና! ሕዝቡ ሳንቃውን በእግሩ እየደበደበ ነው! ጉድጓዴን ሊያፈርሱት ነው! እስከ መቼ ነው የምትጠብሺው?»

«ቻውዳሪ ሳሂብ፣ ያልበሰለ አላቀርብም።»

ሻይዋን ጨረሰች። ፊልትሮውን አወጣች፣ አቀዘቀዘች። ቀለበቱን ቆነጠጠች፣ ለጠጠች፣ ፀሐይ ላይ አየች። እንከን የለውም። የሚገርም ዕቃ ነው! ቢርጁ ጢሙን አሾለ።

«ደህና ነው» አለች ሁስና፣ ሁሉም በሚሰማት ድምፅ።

ከዚያው ከረጢት አራት ወጥቶ አራቱ ሞተር ላይ ተገጠመ። ክዳኖቹን በእጇ አጠበቀች። መዳፎች ታዩ፤ አራቱም ደረቅ ናቸው። ነጅማ ልትገባ ስትል ዞራ ጠቀሰቻት።

«ኻላ፣ ዛሬ በጥርሴ ነው ኖት የምቀበለው!» አለች። የእናቷን እህት እንዲህ ነው የምትጠራት።

«ጥርስሽን ለባልሽ አስቀምጪው!»

በሩ ተዘጋ። ድምፅ ማፈኛ ማርሚታቸው የተነቀለ አራት ሞተሮች ባንዴ አጓሩ። ምድር ተንቀጠቀጠች፣ የቺማን ድስቶች ተንጫጩ፣ የሕዝቡ ጩኸት ሰማይ ደረሰ።

ሁስና መጥበሻውን ልታወርድ እጇን ዘረጋችና ቆመች። ከረጢቱ ውስጥ የተረፉ ፊልትሮዎች ነበሩ። የአንዱ ቀለበት ጠርዝ ላይ ብርሃን አርፎበታል። ያብረቀርቃል። የጠበሰችው ግን ደብዛዛ ነበር። ልዩነቱ የፀጉር ያህል ነው፤ ለሌላ ሰው ምንም አይደለም። ከሰሉ ገና ቀይ ነው፣ ዘይቱም ትኩስ ነው። አንዱን አየሁ እንጂ ሁሉን አላየሁም፣ አለች በልቧ። የተረፉትን ጠቅላላ ዘይቱ ውስጥ ዘረገፈቻቸው።

ቺማን ከወዲያ ሆኖ ሳቀ። «አፓ፣ ሠርጉ አልቆ ወጥ ትሠሪያለሽ?»

ዓይኗ መጥበሻው ላይ ተተክሏል። የሚያብረቀርቀው ቀለበት መጀመሪያ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ወፈረ። ከዚያ እንደ ፓኮራ ሊጥ ተነፋ። በማንኪያ አውጥታ ውሃ ውስጥ ነከረችና ቆነጠጠችው። ጥፍሯ ዘልቆ ገባ።

«ያ አላህ!»

ከአራቱ ሞተሮች የትኛው እንደዚህ ያለውን ተሸክሟል? አንዱ? ሁሉም? የሚታወቅበት መንገድ የለም። የምታውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሞተሮቹ እየጋሉ ነው፤ ከሁሉ በላይ የምትዞረው ነጅማ ናት። የሷ ዘይት ከፈሰሰ ከሥሯ ያሉትን ሦስቱን ይዞ ነው የሚወርደው።

«ቺማን! አውጣኝ! ላይ አውጣኝ!»

ቺማን ፊቷን አየና ቀልዱ ከአፉ ጠፋ። እሷ በተሰበረ ዳሌዋ መሮጥ አትችልም፤ መሰላሉም በሰው ተጠቅጥቋል። ያን ጊዜ ቺማን የሠራውን ሥራ እስከ ዛሬ ባዛሩ ያወራዋል። የሚንጣጣውን የፓኮራ መጥበሻ ከምድጃው አንስቶ በሁለት እጁ ከፍ አደረገና «ትኩስ ዘይት! ትኩስ ዘይት! ተቃጠላችሁ!» እያለ ወደ መሰላሉ ሮጠ። ሰዉ እየጮኸ ግራና ቀኝ ተከፈለ። ሁስና ቀለበቱን በጡጫዋ ጨብጣ፣ በሌላ እጇ የቺማንን ረጅም ሸሚዝ ጫፍ ይዛ፣ እያነከሰች ከኋላው ወጣች።

ላይኛው ጠርዝ ላይ ቴጅፓል ድምፅ ማጉያውን ይዞ ቆሟል።

«አውርዳቸው!» ብላ ጮኸችበት፤ ክብሩም አንቱታውም ጠፍቷት። «ፊልትሮው መጥፎ ነው! አውርዳቸው!»

ቴጅፓል የእጇን ቀለበት አየ፣ ፊቱ ዐመድ መሰለ። ማጉያውን አፉ ላይ ደቅኖ «ውረዱ! ውረዱ!» አለ። ማን ይስማው! አራት ሞተር በበርሜል ውስጥ ሲያጓራ የመብረቅ ድምፅ እንኳ አይሰማም። ሞተረኛ ደግሞ ግድግዳ ላይ ሆኖ የሰው ፊት አያይም። የሚያየው እጅ ብቻ ነው፤ ኖት ያንጠለጠለ እጅ።

እጅ! ሁስና በሰው መሐል በክርኗ ጥሳ ጠርዙ ላይ በደረቷ ተኛች። ቺማን መጥበሻውን ለቴጅፓል አስታቅፎ ሁለት እግሯን ያዘ። እሷ በየጎኗ ኖት ካንጠለጠሉት እጆች መሐል የራሷን እጅ ቁልቁል ሰደደች። በሁለት ጣቶቿ ጫፍ ያበጠውን ቀለበት ይዛለች።

ነጅማ እንደ ጥይት አለፈች። ከጎን ያለውን ኖት ነጥቃ ሄደች። ቀለበቱን አላየችም።

ሳንቃው ከሁስና ደረት ሥር ይንቀጠቀጣል። ነጅማ ዞራ መጣች። ሁስና እስከምትችለው ተንጠራራች፤ ቺማን «አፓ፣ አልቻልኩም፣ ትከብጃለሽ!» እያለ ያቃስታል። የነጅማ ጣቶች መጡ፣ ነጠቁ፣ ሄዱ።

ቀለበቱ ከእጇ ጠፋ!

ግማሽ ዙር ያህል ምንም አልሆነም። ከዚያ ነጅማ የያዘችውን ነገር በጣቶቿ መሐል ጨመቀችው። በልጅነቷ ዓይኗን ጨፍና የለየችውን ነገር አሁን እየከነፈች ለየችው። ወደ ላይ ቀና አለች። ፈገግታዋ የለም። የተነጠቁትን ኖቶች ለነፋስ ለቀቀችና መዳፏን አናቷ ላይ አደረገች። ይህ በጉድጓዱ ቋንቋ «ሁሉም ይውረድ» ማለት ነው።

ወንድማማቾቹ ወዲያው አዩዋት። ታችኛው ወረደ፣ ቀጣዩ ተከተለ። ቢርጁ ግን! ቢርጁ እጆቹን አጣምሮ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ በገዛ ትርኢቱ ሰክሮ ይዞራል። ነጅማ በላዩ ናት፤ እሱ ሳይወርድ እሷ መንገድ የላትም።

ሁስና ጠርዙ ላይ ተነስታ ቆመች፣ መዳፏን አናቷ ላይ አደረገች። ቺማንም አደረገ። ቴጅፓል መጥበሻውን እግሩ ሥር አስቀምጦ ሁለት እጁን ጭኖ ቆመ። አጠገባቸው የነበረ ሰው አዲስ ጨዋታ መስሎት እሱም እጁን አናቱ ላይ ጫነ። ከዚያ ጎረቤቱ። ከዚያ የጎረቤቱ ሚስት። በጠርዙ ዙሪያ እንደ ማዕበል ሄደ፤ ሽማግሌው፣ ወታደሩ፣ ሕፃን ያዘለችው፣ ከረሜላ የሚልሰው፣ ሁሉም እጁን አናቱ ላይ አድርጎ ይጮኻል!

ቢርጁ ዓይኑን ገለጠ። ከላዩ አንድም ኖት የለም፤ ዙሪያውን እንደ ለቅሶ ቤት አናቱን የያዘ ሕዝብ ነው። ከመደንገጡ የተነሳ መሪውን በሁለት እጁ ጨበጠና እየተጠማዘዘ ወርዶ መሬት ነካ።

አሁን ነጅማ ብቻዋን ቀረች። ያን ጊዜ ሁስናን ያ የምታውቀው የተቃጠለ ዘይት ሽታ አፍንጫዋን መታት። ከነጅማ ሞተር በስተኋላ ሳንቃው ላይ ጥቁር መስመር ተሰመረ። ልጅቷ በዚያው ከፍታ አንዴ ብትዞር የገዛ ዘይቷ ላይ መውጣቷ ነው።

«ከመስመሩ በታች! በየዙሩ ዝቅ!» ሁስና ትጮኻለች፤ ማንም እንደማይሰማት እያወቀች ትጮኻለች።

ነጅማ ግን አይታዋለች። ዝቅ አለች። መስመሩ ከላይዋ ቀረ። ደግማ ዞረች፣ ደግማ ዝቅ አለች። ዘይቱ በሳንቃው ስንጥቅ እየተንጠባጠበ ይከተላታል፣ እሷ ትቀድመዋለች። ቶሎ ብትወርድ ፍጥነቱ ያመልጣታል፣ ብትዘገይ ዘይቱ ይደርስባታል። በሁለቱ መሐል ክር በምታህል መንገድ ወረደች! የመጨረሻው ተዳፋት ላይ ስትደርስ የኋላ ጎማዋ ተንሸራተተ፤ ሞተሩ በጎኑ ተኛ፤ እሷ ወለሉ ላይ በተነሰነሰው ሰጋቱራ ላይ ተንከባልላ ቆመች። ክርኗ ተገሽልጧል። እጇን አነሳች።

ሕዝቡ አበደ! ጫማ ተወረወረ፣ ጥምጥም ተወረወረ። ሁሉም የትርኢቱ አካል መስሎታል። «ይደገም! እጅ አናት ላይ ይደገም!» እያለ ሳንቃውን ይደበድባል።

ቴጅፓል ላቡን እየጠረገ «ሁስና፣ ይኼን ነገር ለሚቀጥለው ባዛር ብናስገባውስ?» አላት።

«ቻውዳሪ ሳሂብ፣ ያኔ የምጠብሰው እርስዎን ነው።»

ታች ስትወርድ ቢርጁ ጉድጓዱ በር ላይ ጠበቃት። ጢሙ ወርዷል።

«አፓ፣ ያመጣሁት እኔ ነኝ። በጥፊ ይምቱኝ።»

«ደህና ነው ያልኩት ደግሞ እኔ ነኝ። እኔንስ ማን ይምታኝ? ቁም እዚህ፣ ክዳኖቹን እንፈታለን።»

ከአራቱ የሁለቱ ቀለበት አብጧል። አንዱ የነጅማ፣ ሌላው የቢርጁ የራሱ። ቢርጁ አየውና ሰጋቱራው ላይ ቁጭ አለ። ነጅማ እያነከሰች መጥታ አክስቷን አንገቷ ላይ ተጠመጠመችባት።

«ኻላ፣ ሌላው ሰው ሩፒ ይሰጠኛል፤ አንቺ የተቀቀለ ጎማ ትሰጪኛለሽ?»

ሁስና ልጅቷን ጨምቃ ይዛ፣ እየሳቀችም እያለቀሰችም ቆየች።

ከዚያ ወዲህ በዚያ ጉድጓድ ከከረጢት አንዱን መርጦ መጥበስ ቀረ። የሚገጠመው ሁሉ አንድ በአንድ ይጠበሳል። መዳፍም የሚታየው ሞተሩ ከጋለ በኋላ ነው። ትኩስ ስለሆነ ሞተረኞቹ ጨርቅ ይጠቀልሉና «ወይ እጄ!» እያሉ ይጠርጋሉ፤ ሕዝቡ ይስቃል፣ እነሱም ይስቃሉ። ሌሎች ጉድጓዶችም ይህን ወስደዋል። ያልወሰዱም አሉ።

ሁስና አሁን ፀጉሯ ነጭ ሆኗል፤ ቺማን መጥበሻውን ለልጆቹ አስረክቦ ከጎኗ ተቀምጦ ይተቻታል። ነጅማ የራሷን ቡድን ትመራለች። የዚያን እሑድ ወሬ ሊሰማ የሚመጣ ሰው ዛሬም አይጠፋም፤ ልጅቷን እንዴት አዳንሻት ይላታል። ሁስና ጥያቄው አይጥማትም። እንዲህ ትላለች፦

«እኔ አላዳንኳትም፤ ነጅማ ራሷ ናት የዳነችው፤ የነዳችው እሷ ናት። እኔን የሚያኮራኝ ሌላ ነው። በሰው ሁሉ ፊት ‹ደህና ነው› ብዬ ነበር። ቃሌ ከባዛሩ ሁሉ የተከበረ ነበር፤ አርፌ ብቀመጥ ማንም አይወቅሰኝም። እኔ ግን ተመልሼ የቀረውን አየሁ። ስሕተቴን ሳገኘውም አልደበቅኩትም፣ መሰላል ወጥቼ ጮኽኩ። ከልጅነቴ እስከ ዛሬ ብዙ ነገር ሠርቻለሁ፤ እጄን ዘርግቼ ግድግዳ ላይ ነድቻለሁ። ከሁሉም የሚበልጥብኝ ግን ያቺ ከሰሉ አጠገብ ቆሜ ‹እስኪ ደግሜ ልየው› ያልኩባት ሰዓት ናት።»